ማታ ማታ የሚጠፉት ሁለቱ ካሜራዎች

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ ኤሌክትሪክንና መረጃን በአንድ ገመድ ስለሚልከው ሳጥን

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ከወጣትነቴ ጀምሮ አነባለሁ። ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፈው ስለ ፖለቲካ አይደለም፣ ስለ ኑሮ ውድነትም አይደለም። ስለ አንድ ሳጥን ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየክሊኒኩ ኮሪደር ጥግ፣ ካቢኔት ውስጥ ተቆልፎበት አረንጓዴ መብራቱን ሲያብለጨልጭ ይውላል። ስሙ ስዊች ነው። የመብራት ማብሪያ ማጥፊያውን ማለቴ አይደለም፤ ካሜራውን፣ ኮምፒውተሩንና ዋይፋዩን በገመድ የሚያገናኘውን የኔትወርኩን ነው።

ጡረተኛ ነኝ። ብዙውን ዘመኔን ያሳለፍኩት በስልክ ማዞሪያ ጣቢያ፣ ባትሪ ክፍል ውስጥ ነው። ካኪ ካፖርቴ በአሲድ ተበሳስቶ ወንፊት ሆኖ ነበር። ዛሬ የእህቴ ልጅ ካሜራና ኔትወርክ ይዘረጋል። እኔ መሰላል እይዝለታለሁ፣ እመክረዋለሁ፣ በየመሀሉ እንጨቃጨቃለን።

ባለፈው ጥር ከአንድ የግል ትምህርት ቤት ተደወለልን። ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ሌሎች ሰዎች 14 ካሜራና 4 የዋይፋይ ማሰራጫ ገጥመውለታል። ችግሩ እንዲህ ነው፦ ማታ ሲመሽ ሁለት ካሜራ ይጠፋል። ጠዋት ማንም ሳይነካቸው ተመልሰው ይሠራሉ። ሁልጊዜ እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ የጓሮውን አጥር የሚያዩት።

ከዚያው ጓሮ ደግሞ ስድስት ቆርቆሮ ጠፍቷል።

እንግዲህ ምን ተባለ መሰላችሁ? ጥበቃው ነው። ማታ ማታ ገመዱን እየነቀለ ጠዋት ይሰካዋል ተባለ። ሰውዬው ስልሳን የተሻገሩ አባት ናቸው፤ እግራቸውን ያማቸዋል። ካሜራዎቹ ያሉት አራት ሜትር ከፍታ ላይ ነው። መሰላሉ የተቆለፈበት መጋዘን ቁልፍ ያለው ንብረት ክፍል ዘንድ ነው። ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸውና ፋይላቸው ውስጥ ገባ።

ከእኛ በፊት ሁለት ባለሙያ መጥቶ ነበር። አንዱ ካሜራዎቹን ቀየረ። ሌላው ገመዱን ቀየረ። ሁለቱም ተከፍሏቸው ሄዱ። ካሜራዎቹ ግን ማታ መጥፋታቸውን አልተዉም። ካቢኔቱን የከፈተ አልነበረም።

ነገሩን ለማስረዳት ወደ ባትሪ ክፍሌ ልመልሳችሁ። ትልልቆቻችን ታስታውሳላችሁ፤ ያ በጣት የሚሽከረከረው ጥቁር ስልክ መብራት ሲጠፋም ይሠራ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሻማ ለኩሶ ስልኩ ይጮሃል። ለምን? ስልኩ ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው ከቤቱ ግድግዳ አልነበረም። ከእኛ ነበር። እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሆኑ 24 የባትሪ ማሰሮዎች እንደረድራለን፣ 48 ቮልት ይሆናል። ያ 48 ቮልት ድምፁ በሚሄድባቸው በዚያው ሁለት ሽቦዎች እያንዳንዱ ቤት ይደርሳል። ጣቢያው ውስጥ ባትሪና ጀነሬተር እስካለ ድረስ ከተማው ቢጨልምም ሰው ይነጋገራል።

የዛሬው ስዊችም ያንኑ አደረገ። የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተጠማዝዘዋል፤ አራት ጥንድ ማለት ነው። ድሮ በእነሱ የሚሄደው መረጃ ብቻ ነበር። ካሜራው ወይም የዋይፋይ ማሰራጫው ኤሌክትሪክ ከፈለገ አጠገቡ ሶኬትና አዳፕተር ይቸነከርለታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሌክትሪኩም በዚያው ገመድ የሚሄድበት ደንብ ወጣ። ቮልቱ ስንት ሆነ? ወደ 48። የእህቴ ልጅ ይህንን እንደ አዲስ ነገር ሲነግረኝ ሳቄን ነው የለቀቅኩት።

መረጃውና ኤሌክትሪኩ በአንድ ሽቦ ሲሄዱ ለምን አይጋጩም? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሁለት ልጆች ቁመት ይለካኩ እንበል። ሁለቱንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ብታቆሟቸው ከፍታቸው ይጨምራል፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ያው ነው። መረጃው የሚነበበው ከአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎች ልዩነት ነው። ኤሌክትሪኩ ደግሞ ጠረጴዛው ነው፤ ሁለቱንም ሽቦ እኩል ከፍ ያደርጋል። የመመለሻ መንገዱ ሌላኛው ጥንድ ነው። በየጫፉ ያለች ትንሽ ትራንስፎርመር ሁለቱን ትለያቸዋለች።

ደስ የሚለኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ሥርዓት ነው። ደህና ስዊች ገመድ ስለተሰካበት ብቻ 48 ቮልት አይለቅም። መጀመሪያ ከ10 ቮልት የማይበልጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ልኮ «ማን ልበል?» ይላል። የተሰካው ዕቃ ኤሌክትሪክ ፈላጊ ከሆነ ውስጡ 25 ሺህ ኦም ገደማ የሆነ መከላከያ (ሬዚስተር) አለው፤ ስዊቹ እሱን ሲያገኝ «ቤተኛ ነው» ይላል። ቀጥሎ «ስንት ትበላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ዕቃው ደረጃውን ይናገራል። ያኔ ነው ሙሉው ቮልት የሚለቀቀው። ገመዱን ስትነቅሉት ደግሞ ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ይዘጋዋል። ላፕቶፕ ብትሰኩበት ያ መከላከያ ስለሌለው መረጃ ብቻ ይሰጠዋል።

ገበያ ላይ ይህን ሳይጠይቁ 24 ቮልት ዝም ብለው የሚለቁ ትንንሽ ሳጥኖችም አሉ። የእህቴ ልጅ አንዴ ላፕቶፑን ሰክቶበት የኔትወርክ ቀዳዳው ተቃጥሎ ቀረ። አሁን እንኳ ሳነሳበት ይቆጣል።

ወደ ትምህርት ቤቱ ልመለስ። ካቢኔቱን አስከፈትን። ስዊቹ ጥሩ ዕቃ ነበር፤ 24 ፖርት (የገመድ መሰኪያ ቀዳዳ) ያለው፣ ነጋዴዎቹ «ማኔጀብል» የሚሉት ዓይነት። ማለትም ዝም ብሎ የሚያስተላልፍ ሳይሆን የሚታዘዝ፣ የሚመዘግብ፣ ሲጠየቅ የሚመልስ። ርካሹ ዓይነት አይጠየቅም፤ ወይ ይሠራል ወይ አይሠራም። ይሄኛው ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የሚጠይቀው አጥቶ ተቀምጧል።

ፓስወርዱን ጠየቅን። የሚያውቅ የለም። የገጠሙት ሰዎች በርክክቡ ወቅት አልሰጡም፤ የተረከበውም አልጠየቀም። የእህቴ ልጅ ሳጥኑን ገልብጦ ሆዱ ላይ የተለጠፈውን የፋብሪካ ፓስወርድ አነበበ። ሞከረው። ገባ! ሁለት ዓመት ሙሉ የፋብሪካው ቁልፍ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። የተማሪዎቹ ዋይፋይ ደግሞ ከካሜራዎቹ ጋር አንድ ኔትወርክ ላይ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እግር ጥሎት ቢሞክር የትምህርት ቤቱን ካሜራ በሙሉ ከስልኩ ማጥፋት ይችል ነበር። ይህን ለርዕሰ መምህሯ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ።

ከዚያ መዝገቡን ከፈትን። በሙያው ሎግ ይሉታል። የሳጥኑ ቀን አልተሞላለትም። እሱ የሚያውቀው ጃንዋሪ 2000 ላይ መሆኑን ነው። (እኛም ከዓለም ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነንና ብዙ አልፈረድኩበትም።) ሰዓቱ ልክ ባይሆንም በሰዓቶቹ መካከል ያለው ርቀት ግን ልክ ነው። መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ስዊቹ እንደ አዲስ ከተነሳ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። በዘጠኙም ቀን፣ በ24 ሰዓት ልዩነት፣ ተመሳሳይ ቃል ተጽፏል፦ ፖርት 18፣ ኃይል ተከልክሏል። ፖርት 17፣ ኃይል ተከልክሏል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ ተመልሶ ተሰጥቷል።

ገመድ ተነቅሎ ቢሆን «ግንኙነት ተቋረጠ» ብቻ ነበር የሚለው። ይሄ ግን «እኔ ራሴ ከለከልኩ» ነው የሚለው።

ለምን ከለከለ? ሂሳቡ እነሆ። ሳጥኑ ፊት ላይ በትልቁ «በፖርት 30 ዋት» ይላል። የገዛው ሰው 24ን በ30 አባዝቶ 720 ዋት አለኝ ብሎ ተኝቷል። ጀርባው ላይ በትንሹ የተጻፈው ግን ጠቅላላው 190 ዋት መሆኑን ነው። ቤት ውስጥ 24 ሶኬት ስላላችሁ 24 ምጣድ ባንድ ጊዜ መጣድ ትችላላችሁ? እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ካሜራ ቀን ላይ 5 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ 14ቱ 70 ዋት። አራቱ የዋይፋይ ማሰራጫዎች በ12 ዋት ሂሳብ 48። ድምሩ 118። የተትረፈረፈ ነው። ሲመሽ ግን ካሜራው በጨለማ ለማየት የኢንፍራሬድ መብራቱን ያበራል። በዓይን አይታይም፤ ኤሌክትሪክ ግን ይበላል። 5 የነበረው 11 ይሆናል። 14 ጊዜ 11፣ 154። 48 ሲጨመርበት 202። ያለው 190 ነው።

ስዊቹ ታዲያ ምን ያድርግ? ሁሉንም ከማጥፋት ጥቂቱን ይሠዋል። ማንን እንደሚሠዋ ካልነገራችሁት በራሱ ደንብ ይሄዳል። በዚህኛው ሳጥን ደንብ ትንሽ ቁጥር ያለው ፖርት ይቀድማል፣ ትልቅ ቁጥር ያለው ወረፋ መጨረሻ ላይ ነው። የገጠሙት ልጆች ገመዱን ከፊት በር ጀምረው ሲሰኩ መጨረሻ የደረሱት ጓሮው ጋ ነበር። ስለዚህ 17 እና 18 የጓሮው ካሜራዎች ሆኑ። የሌባ መግቢያ የሆነው ቦታ ለስዊቹ የመጨረሻው ወረፋ ነበር።

የእህቴ ልጅ ወዲያው አስተካክሎ መሄድ ፈለገ። እኔ ግን እምቢ አልኩ። ሰው ተከሶበታልና ሰው በተሰበሰበበት መታየት አለበት አልኩ። ርዕሰ መምህሯ፣ የንብረት ክፍሉ ሰውዬና ጥበቃው አባት ባሉበት ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርገን መሸ እስኪል ጠበቅን። ሻይ መጣ። ጥበቃው አልጠጡም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዋቱ 118 ነበር። ዛፍ ሥር ያለው ካሜራ መጀመሪያ ጨለመበትና 124 ሆነ። ከዚያ 136። 160። አንድ ካሜራ ወደ ማታ ሲገባ ስድስት ስድስት ዋት እየጨመረ ይወጣል። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል 190 ላይ ደረሰ። ማንም አልተናገረም። አንድ ካሜራ ሲጨመር ፖርት 18 ጠፋና ወደ 185 ወረደ። የመጨረሻው ካሜራ ሲጨልምበት ፖርት 17 ጠፋ። 180 ላይ ረጋ። ከቴሌቪዥኑ ላይ ሁለቱ የጓሮ ምስሎች ጥቁር ሆኑ።

ጥበቃው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከእኔ ጎን እንደተቀመጡ ነበሩ።

መፍትሔው አዲስ ዕቃ አላስፈለገውም። መጀመሪያ የሳጥኑን ቀንና ሰዓት አስተካከልን። የሁለተኛና የሦስተኛ ፎቅ ዋይፋይ ማሰራጫዎች ማታ የሚጠቀምባቸው ሰው ስለሌለ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ኤሌክትሪክ እንዳይሰጣቸው አዘዝነው። 24 ዋት ተረፈ፤ 202ቱ 178 ሆነ። የጓሮዎቹን ካሜራዎች ወረፋ መጀመሪያ ላይ አደረግናቸው። ነገ አንድ ዕቃ ቢጨመርና ዋቱ ቢጎድል የኮሪደሩ ዋይፋይ ይጠፋል እንጂ እነሱ አይነኩም። ፓስወርዱን ቀየርን፣ በፖስታ አሽገን ለርዕሰ መምህሯ በፊርማ አስረከብን። የተማሪውን ዋይፋይ፣ የካሜራውንና የሂሳብ ክፍሉን ኔትወርክ በዚያው ሳጥን ውስጥ ለሦስት ከፈልናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያይም። ለዚህ ሦስት ስዊች መግዛት ያስፈልጋል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ። የእህቴ ልጅ የድካሙን አስከፍሏል። ልክ ነው።

ለአንባቢዎቻችሁ በተለይም ለግዢ ክፍል ሰዎች ልል የፈለግኩት እዚህ ጋ ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ትሰበስባላችሁ፣ ሦስቱም «24 ፖርት ማኔጀብል» ይላሉ፣ ርካሹ ያሸንፋል። ስንት ዋት እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ያለ ዋት ስዊች መግዛት ያለ ሊትር ሮቶ መግዛት ነው። ጠቅላላ ዋቱን ጠይቁ፣ የምትሰኩትን ዕቃ የማታውን ፍጆታ ደምሩ፣ ከላዩ ትንሽ ተርፎ እስኪታይ ድረስ አትፈርሙ።

ገመዱንም እዩት። መርካቶ ላይ በአንድ ዓይነት ካርቶን፣ ላዩ ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያለበት፣ በዋጋ ግን የሚራራቅ ገመድ ታገኛላችሁ። ርካሹ ብዙ ጊዜ ውስጡ አሉሚኒየም ነው፣ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ። በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ ነጭ ካወጣ መዳብ አይደለም። 305 ሜትር የሚይዘውን ካርቶን ስታነሱትም ይቀላችኋል። መረጃውን ምናልባት ያደርሳል። ኤሌክትሪኩን ግን በመንገድ ላይ ይበላዋል። አሉሚኒየም እንደ መዳብ አያስተላልፍም፤ አቅሙ 60 በመቶ ገደማ ነው። በመንገድ የሚባክነው ሙቀት ሆኖ ገመዱ ውስጥ ይቀራል፣ ብዙ ገመድ አንድ ላይ ከታሰረ ደግሞ ይብሳል። ደህናው መዳብ እንኳ ይከስራል። የ2003ቱ ደንብ ከስዊቹ 15.4 ዋት ወጥቶ 100 ሜትር ጫፍ ላይ 12.95 ይድረስ ነው የሚለው። በ2009 የወጣው 30 ልኮ 25.5 ያደርሳል። በ2018 የወጣው ደግሞ ስምንቱንም ሽቦ አሰማርቶ እስከ 90 ዋት ይልካል። እኛ ባትሪ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ብንሰማ ተረት ይመስለን ነበር።

«ታዲያ ለምን አዳፕተር አንጠቀምም?» የሚል አይጠፋም። ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ አዳፕተሩ የሚሰጠው 12 ቮልት ነው። በ12 ቮልት ያንኑ ዋት ሩቅ ልላክ ካላችሁ በ48 ከምትልኩት አራት እጥፍ ጅረት (ከረንት) ያስፈልጋል፣ በሽቦው ላይ የሚባክነው ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው መብራት ነው። አሥራ አራት አዳፕተር አሥራ አራት ሶኬት ላይ ከሰካችሁ መብራት ሲጠፋ አሥራ አራቱም ይጠፋሉ። ሁሉም ከስዊቹ የሚበሉ ከሆነ ግን ካቢኔቱ ውስጥ ለስዊቹና ለመቅረጫው አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ታስቀምጣላችሁ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ካሜራዎቹ ዓይናቸውን አይከድኑም። እንደ ድሮው ጥቁር ስልክ።

አንድ ሌላ ነገር። ካሜራ ሲደርቅ (ይደርቃል፣ ሁሉም ይደርቃል) መሰላል ተሸክሞ አጥር ላይ መውጣት አያስፈልግም። ስዊቹን «የዚያን ፖርት ኤሌክትሪክ አጥፍተህ አብራው» ትሉታላችሁ፣ ያደርገዋል። ለእንደኔ ያለ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህ ብቻ ዋጋውን ያወጣል።

የጥበቃውን ነገር ልጨርስ። በዚያ ምሽት ርዕሰ መምህሯ ይቅርታ ጠየቋቸው፣ ተነስተው ነው የጠየቁት። ማስጠንቀቂያውስ? አልኳቸው። ፋይል ውስጥ የገባ ወረቀት የሚወጣው በቦርድ ስብሰባ ነው አሉኝ። ቦርዱ መቼ እንደሚሰበሰብ አላወቁም። ይህን ደብዳቤ እስከምጽፍ ድረስ ወረቀቱ አልወጣም።

ዕቃችንን ሰብስበን ልንወጣ ስንል ጥበቃው በር ላይ ጠበቁኝ። «ኢንጂነር» አሉኝ። ኢንጂነር እንዳልሆንኩ ስነግራቸው አልሰሙኝም። «ያ ሳጥን የጻፈውን በወረቀት ሊያወጡልኝ ይችላሉ?» እንግሊዝኛ ነው፣ ቀኑም የተሳሳተ ነው አልኳቸው። ግድ የለም አሉ። ተመልሰን በጸሐፊዋ ማተሚያ አወጣንላቸው፤ ዘጠኝ ቀን፣ አንድ ገጽ ተኩል። ለአራት አጠፉትና ከመታወቂያቸው ጋር ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

የቀድሞ የስልክ ባትሪ ክፍል ሠራተኛ
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ